ጊልበርትን ያሳቀው ሕግ፦ የአንድ ክርና የመልሶቹ ታሪክ

ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት በአንድ አጭር አሳብ ነበር። ከሙዚቃ ደራሲው ከአርተር ሳሊቫን ጋር 14 ዜማዊ ኮሜዲዎችን ለመድረክ ያበቃው እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዊልያም ሽዌንክ ጊልበርት ሰውን የሚያስቀው ቀልድ ስለሚያውቅ ሳይሆን ሙግት ስለሚያውቅ ነው፤ አንድ የማይረባ መነሻ ይወስድና እንደ ሕግ አንቀጽ ቆጥሮ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል እስከ መጨረሻው ያስፈጽመዋል ብዬ ጻፍሁ። ለዚህም ሕይወቱን ምስክር አድርጌ አቀረብሁ። (ዓመታቱ ሁሉ፣ እዚያም እዚህም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1836 ለንደን ተወለደ፤ በ1856 ከኪንግስ ኮሌጅ ተመረቀ፤ የመድፈኛ መኮንን ለመሆን ሲያስብ የክራይሚያ ጦርነት አበቃና ነገሩ ቀረ፤ ከዚያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ አራት ዓመት እየጠላው ሠራ። 300 ፓውንድ ውርስ ሲደርሰው ሥራውን ጥሎ በ1863 ጠበቃ ሆነ፤ ነገር ግን በዓመት በአማካይ አምስት ባለጉዳይ እንኳ በጭንቅ ነበር የሚያገኘው። ባለጉዳይ ያጣ ጠበቃ ጊዜ አያጣምና «ፈን» በሚባለው ሳምንታዊ የቀልድ መጽሔት ላይ «ባብ» በሚለው የሕፃንነት ስሙ ግጥም ይጽፍ፣ ሥዕሉንም ራሱ ይሥል ጀመር።

ምሳሌ ያደረግሁት በ1879 የመጨረሻ ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ የተከፈተውን የ«ፔንዛንስ የባሕር ወንበዴዎች» ተውኔት ታሪክ ነው። ፍሬደሪክ የሚባለው ወጣት 21ኛ የልደት ቀኑ እስኪደርስ ድረስ በወንበዴዎቹ ዘንድ ሙያ ለማጅ ሆኖ እንዲያገለግል ውል ታስሮበታል። 21 ዓመት ሲሞላው ነጻ ወጣሁ ብሎ ይሰናበታቸዋል፤ ነገር ግን የተወለደው ፌብሩዋሪ 29 ቀን ነውና የልደት ቀኑ የሚመጣው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ውሉ ዓመት ሳይሆን ልደት ስለሚቆጥር፣ ገና የአምስት ልደት ልጅ መሆኑ ይነገረዋል። ወጣቱ ለግዴታው ታማኝ ነውና አይከራከርም፤ እጮኛውም እስከ 1940 ልትጠብቀው ቃል ትገባለች። ጽሑፌን የዘጋሁት በአንድ ጥያቄ ነበር፤ ሰውየውን አስቂኝ ያደረገው ይህ ቃል የመቁጠር ጸባይ ይሆን ከወዳጁ ከሳሊቫንም ያጣላው?

1ኛው መላሽ በትሕትና አመስግነው ጀመሩ፤ አሳቤን ከመደገፍም አልፈው የተሻለ ማስረጃ አመጡልኝ። በ1875 የቀረበው «ትራያል ባይ ጁሪ» መጀመሪያ በ1868 በዚያው በ«ፈን» መጽሔት ላይ እንደ አንድ ገጽ ቀልድ የወጣ እንደነበረ፣ ጠቅላላው ታሪክም በአንድ ችሎት ውስጥ የሚያልቅ እንደሆነ አስታወሱ። ጋብቻ ቃል ገብቶ የከዳ ሰው ይከሰሳል፤ ተከራካሪዎቹ አልስማማ ሲሉ ዳኛው ራሱ ከሳሿን አገባታለሁ ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ዳኛውን ሆኖ የተጫወተው የሙዚቃ ደራሲው ወንድም ፍሬድ ሳሊቫን መሆኑንም ጨመሩ። ለዚህ ክር ከዚህ የተሻለ ጅማሬ አልነበረም።

2ኛው መላሽ ግን ሥራዎቹን ለመቁጠር ነው የመጡት። 14 የሚለውን ቁጥር አልካዱም፤ ይሁንና የመጀመሪያው የጋራ ሥራቸው፣ በ1871 በገና ማግስት የታየው «ቴስፒስ»፣ የሙዚቃው አብዛኛው ክፍል ስለ ጠፋ ዛሬ በሙሉ ሊቀርብ የሚችለው 13 ብቻ መሆኑን ሳልናገር ማለፌን ነቀፉ። ተገቢ ነው፤ ቃል ይቆጠር ብዬ ክር ከከፈትሁ በኋላ ቁጥር ሲቆጠርብኝ መቆጣት አልችልም።

3ኛው መልስ ስለ አጻጻፌ ነበር። መላሹ በዕድሜ የገፉ ሰው ይመስሉኛል፤ ሰውየው በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ እጅ «ሰር» ተብሎ የተሾመ ሆኖ ሳለ «እሱ» እያልሁ መጻፌ ነውር ነው፣ «እርሳቸው» ሊባሉ ይገባል አሉ። የሰጠሁት መልስ ሹመቱ የመጣው በ1907 ስለሆነ እስከዚያ ዓመት ድረስ «እሱ» ማለት ይፈቀድልኛል የሚል ነበር። ቀልድ መሆኑ የገባቸው አይመስለኝም፤ ወይም ገብቷቸው በጊልበርት ደንብ ፊታቸውን ሳይፈቱ ቀርተዋል። ያም ሆኖ ነጥባቸው ወደ ቁም ነገር ያደርሳል፤ ሳሊቫን «ሰር» የተባለው በ1883 ነው። ዜማው ከተሾመ በኋላ ቃሉ 24 ዓመት ደጅ ጠንቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በሁለቱ መካከል ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም።

4ኛውን መልስ የጻፉት እንግሊዝ አገር ተማሪ ሳሉ በአንድ የአማተሮች ቡድን ውስጥ ከአጃቢ ዘማሪዎቹ ጋር የዘመሩ ሴት ናቸው፤ ከክሩ ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ ያነበብሁት የእሳቸውን ነው። በልምምድ ላይ አዘጋጁ ከማንም በላይ የሚቆጣው የሚስቅ ተጫዋች ሲያይ እንደነበረ አወሱ። የጌቶች ምክር ቤት አባላት ሆነው አክሊል ደፍተው በሰልፍ ሲገቡ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ሣቁ አምልጧቸው ሦስት ጊዜ ወደ በሩ ተመልሰዋል። በኋላ ያነበቡት ነገር ይህ የአዘጋጁ የግል አመል እንዳልነበረ አሳያቸው፤ ጊልበርት በ1877 ለታየው «ኢንጌጅድ» ለተሰኘው ተውኔቱ በጻፈው ማሳሰቢያ ተዋንያኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፍጹም ቁም ነገረኛነት እንዲጫወቱ፣ የሚናገሩት አስቂኝ መሆኑን የሚያውቁ እንዳይመስሉ አዝዞ ነበር። እቤቱም የመድረኩን ትንሽ አምሳያ አሠርቶ፣ ለወንድና ለሴት ቁመታቸው የተለያየ የእንጨት ቁራጮችን እያንቀሳቀሰ ማን የት እንደሚቆም አስቀድሞ ከወሰነ በኋላ ነው ወደ ልምምድ የሚመጣው። ታሪኩ በጦር መርከብ ላይ የሚካሄደውን የ1878ቱን «ፒናፎር» ሲያዘጋጅ ወደ ፖርትስመዝ ወደብ ወርዶ የጦር መርከብ ወለል በእጁ ሥሎ መጥቷል። ሴትዮዋ ከዚህ ሁሉ ያወጡት ድምዳሜ ሰውየው ከሁሉ በፊት አዘጋጅ ነበር የሚል ነው፤ ገመዱ በትክክለኛው ቦታ ካልታሰረ በዚያች መርከብ ላይ የሚነገረው የተዛባ ነገር ሊታመን አይችልም።

5ኛው መላሽ ነገሩን ወደ ቤታችን አመጡትና ይህ የኛው ሰምና ወርቅ አይደለምን ሲሉ ጠየቁ። እንዲህ ያለው አስተያየት በየክሩ ስለሚመጣ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። 6ኛው መላሽ ግን አላለፉትም። ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ይታወቃል፤ በሰምና ወርቅ ሰሙ የሚነገረው ወርቁ እንዲሸሸግ ነው፣ በጊልበርት ዘንድ ግን የተሸሸገ ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር በአደባባይ፣ በግልጽ ቃል፣ ፊት ሳይፈታ ይነገራል፣ ስለዚህ ተመሳሳዩን ከቤተ ክህነት ሳይሆን ከዛፍ ሥር ችሎት ፈልጉት አሉ። የጠቀሱት በላ ልበልሃን ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ክሳቸውን በምትና በቤት እየመቱ፣ ባላጋራቸውን ከራሱ ቃል በወጣ ማሰሪያ የሚረቱበትን የአባቶችን ሙግት። እዚያም ተመልካቹ ይስቃል፤ ተሟጋቹ ግን አይስቅም። እኔ ክሩን ስከፍት ልለው የሞከርሁትን ነገር ሰውየው ከእኔ በተሻለ ተናገሩት፤ አንድ ነገር ብቻ ተቃወምሁ። በበላ ልበልሃ የተረታ ሰው መሬቱን ያጣል፤ በጊልበርት ችሎት የተረታ ሰው ብዙውን ጊዜ ሚስት ያገኛል።

7ኛውና 8ኛው መልሶች ከመንገድ ወጡ። አንደኛው በ1881 ለንደን ውስጥ የተከፈተው፣ የሁለቱ ሥራዎች ይታዩበት የነበረው የሳቮይ ቴአትር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው የሕዝብ አዳራሽ እንደነበረ፣ ወደ 1,200 የሚጠጉ አምፖሎች እንደተሰቀሉበት፣ የቴአትሩ ባለቤት ሪቻርድ ዶይሊ ካርትም እሳት የፈሩትን ተመልካቾች ለማረጋጋት መድረክ ላይ ወጥቶ የበራ አምፖል በፊታቸው እንደሰበረ ተረኩ። ሁለተኛው እሱ መብራቱን የሰበረው ለትርኢት ነው፣ በእኛ ሰፈር ግን ማንም ሳይሰብረው ይጠፋል ብለው አከሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ትራንስፎርመር አራት መልሶች ስለ ተጻፉ እዚህ አልተርካቸውም፤ ቁጥሩ ወደ 13 የሚዘልለው ስለዚህ ነው።

13ኛው መላሽ ውይይቱን ወደ ቁም ነገር መለሱት፤ ሕግን የሚያሾፍ ሰው በሕግ ተነክቶ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁና ራሳቸው መለሱ። በ1873 ጊልበርት በብዕር ስም ተሸሽጎ ከሌላ ጸሐፊ ጋር የጻፈው «ዘ ሀፒ ላንድ» ሲታይ፣ ሦስቱ ዋና ተዋንያን ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተንንና ሁለት ባልደረቦቻቸውን መስለው ተኳኩለው ወጡ። የንጉሣዊው ቤተ መንግሥት ሹም፣ ያለ እሱ ፈቃድ አንድም ተውኔት መድረክ ላይ አይወጣም ነበርና፣ ትርኢቱን አገደው፤ የተፈቀደው መልካቸው እንዳይመሳሰል ከተደረገና ጽሑፉ ከተነካካ በኋላ ነው። ይህ ቅድመ ምርመራ በብሪታንያ የቀረው በ1968 መሆኑን ጠቅሰው መላሹ አንድ ተገቢ ንጽጽር አመጡ፤ የኛም የመጀመሪያ ተውኔት፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ አንበሳና ቀበሮ እያናገረ የዘመኑን አስተዳደር በመሸንቆጡ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ለንደን ላይ መልኩ ተቀይሮ ቀጠለ፤ አዲስ አበባ ላይ ራሱ ቴአትሩ ለዓመታት ዝም አለ። በዚህ ልዩነት ላይ ብዙ ሊጻፍ ይቻላል፤ ማንም ግን አልጻፈም።

ምክንያቱም 14ኛው መልስ መጣ። ጸሐፊው ቁጣቸውን አልደበቁም። እንግሊዛውያን ፊታቸውን ቀብተው ጃፓናውያንን የሚያሾፉበትን «ሚካዶ»ን የጻፈ ሰው በአማርኛ የሚወደስበት ምክንያት አልገባኝም፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የሣቀ ሁሉ አዋቂ ተደርጎ ይቆጠራል ወይ አሉ። 15ኛው መላሽ፣ ስለ ተውኔቱ ማወቃቸው የሚካድ አይደለም፣ በ1885 የተከፈተውና 672 ጊዜ የታየው ይህ ሥራ በጃፓን ልብስ የተጠቀለለ የእንግሊዝ ቢሮክራሲ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ማስረጃቸውም ጥሩ ነው። ሞት የተፈረደበት ልብስ ሰፊ የከተማው ዋና አንገት ቆራጭ ሆኖ ይሾማል፤ በተራው መጀመሪያ መቆረጥ ያለበት የራሱ አንገት ስለሆነ የራሱን ሳይቆርጥ የሌላውን ሊቆርጥ አይችልም፤ በዚህም ከተማው በሙሉ ከሞት ፍርድ ይድናል። ፑ ባህ የሚባለው ባለሥልጣን ደግሞ የቀረውን የከተማውን ሹመት ሁሉ ብቻውን ይዞ፣ በአንዱ ወንበር ሲቀመጥ ምክር ይሰጣል፣ በሌላው ሲቀመጥ ያንኑ ምክር ይቃወማል። መላሹ እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እጁን ያውጣ አሉ፤ ያወጣም አልነበረም።

16ኛው ግን ከዚህ የከረረ ነበር። 14ኛው መላሽ ተመልሰው፣ ልብሱ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ለምን በ1907 የጃፓን ልዑል ለንደንን ሲጎበኙ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ትርኢቱን ለስድስት ሳምንት አገደው፣ በ2015ስ የኒው ዮርክ አንድ ቡድን የእስያ ተወላጆች ተቃውሞ ሲበረታበት ዝግጅቱን ለምን ሰረዘ ብለው ጠየቁ፤ 15ኛውን መላሽም «የጌቶች ጠበቃ» ብለው ጠሩ። አወያዩ ሁለቱንም ገሠጹ። የእኔን አስተያየት ልደብቅ አልፈልግም፤ በጉዳዩ 14ኛው መላሽ የሚሉት ነገር አላቸው ብዬ አምናለሁ። ጊልበርት የሚያሾፈው በለንደን መሆኑ እውነት ነው፤ ያም ሆኖ የሌላውን ሕዝብ ስምና ፊት ለዚያ ሹፈት መጠቅለያ አድርጎ መውሰዱ እውነት ነው፤ አንዱ እውነት ሌላውን አይሰርዝም። በአንድ ነገር ግን አርሜያቸዋለሁ። ጊልበርት አሳቡን ያገኘው ለንደን ናይትስብሪጅ ከተከፈተው የጃፓን መንደር ኤግዚቢሽን ነው ማለታቸው በፊልም የተስፋፋ ስሕተት ነው፤ ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው በጃንዋሪ 1885 ሲሆን ጊልበርት ጽሕፈቱን የጀመረው ካለፈው ዓመት ነው። ከዚያ መንደር ያገኘው አሳቡን ሳይሆን ተዋንያኑን አረማመድና የማራገቢያ አያያዝ ያስተማሩለትን ሴቶች ነው።

በ18ኛው መልስ አንዲት ጸሐፊ ሌላ ክስ አቀረቡ፤ አጭርና የማይመለስ። በየተውኔቱ ዕድሜዋ የገፋ፣ መልኳ የጠፋ፣ ባል የምትፈልግ ሴት ትገባለች፣ ቀልዱም ዕድሜዋ ነው። ይህ ሕግ አይደለም፣ ጭካኔ ነው አሉ። ማንም አልተከራከረም፤ እኔም ጠበቃ ልሁንለት አልፈለግሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ጽሑፌን ወደ ዘጋሁበት ጥያቄ የተመለስነው። 19ኛው መላሽ የተለመደውን አሉ፤ ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች በምንጣፍ ተጣሉ፣ በዚህም የጊልበርት ክፉ ጠባይ ተገለጠ። 20ኛውና 21ኛው ተስማሙ፤ አንዱ ስለ ባለቤትነትና ስለ ይዞታ ከጎረቤታቸው ጋር ስላደረጉት የአጥር ክርክር ነገሩን። ቀጥሎ የመጣው 22ኛው መልስ ግን ሒሳብ ሠራተኛ መሆናቸውን የገለጹ ሰው የጻፉት ነበር፤ ክሩ ከተከፈተ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ መልስ ነው። በውሉ መሠረት ትርፉ ለሦስት፣ ለጊልበርት፣ ለሳሊቫንና ለካርት፣ የሚካፈለው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ እንደነበረ፣ «ጎንዶሊየርስ» የተባለውን ሥራቸውን ለማዘጋጀት 4,500 ፓውንድ ያህል እንደ ወጣ፣ ጊልበርትም በ1890 ከሕንድ ጉዞው ሲመለስ ሒሳቡን ሲመረምር ለቴአትሩ መግቢያ የተገዛ አዲስ ምንጣፍ ከተውኔቱ ወጪ ጋር ተደምሮ እንዳገኘው አብራሩ። ምንጣፉ የቴአትሩ ነው፣ ቴአትሩ ደግሞ የካርት ነው፤ ተውኔቱ ሲወርድ ምንጣፉ ከካርት ጋር ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው የምንጣፉ ዋጋ ሳይሆን የማን ንብረት በማን ገንዘብ ይገዛል የሚል ነው፤ ይህም ለማንኛውም የሒሳብ ሠራተኛ ግልጽ ነው። ሳሊቫን ከካርት ጎን ቆመ፣ በፍርድ ቤትም መሐላ ፈርሞ ሰጠ፤ ሒሳቡ ኋላ ሲጣራ ጊልበርት ያልተከፈለው ገንዘብ መኖሩ ታወቀ። ይቅር ተባብለው በ1893 እና በ1896 ሁለት ሥራዎች ቢያወጡም የመጨረሻው 123 ጊዜ ታይቶ ወረደ፤ ሳሊቫንም በ1900 አረፈ።

ይህ መልስ እኔን በግማሽ አሸንፎኛል። ጸባዩ አጣላው ብዬ ነበር፤ ሒሳብ ሠራተኛው ግን ጸባዩ ትክክል ነበር አሉ። የቀረኝን ግማሽ 23ኛው መላሽ አተረፉልኝ፤ ጊልበርት ሳሊቫንን ደጋግሞ ሲያሰለች የኖረበትን የአስማት ከረሜላ ታሪክ ጠቀሱ። ከረሜላውን የዋጠ ሰው ሁሉ መስሎ የቀረበውን ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ሳሊቫን ይህን አሳብ ባቀረበለት ቁጥር እምቢ አለ፤ ሰው የሚመስል ሰውና የሚያሳዝን ነገር ስጠኝ እያለ ይለምነው ነበር። የምንጣፉ ክርክር ከመነሣቱ ከዓመታት በፊት ልባቸው ተለያይቶ ነበር ማለት ነው። አንዱ ሕጉ እንዲፈጸም ይፈልጋል፤ ሌላው ሕጉ የተፈጸመበት ሰው እንዲያለቅስ።

24ኛው ስለ አሟሟቱ ብቻ ጻፉ። ሜይ 29 ቀን 1911፣ በ74 ዓመቱ፣ በግሪምስ ዳይክ መኖሪያው ባለው ሐይቅ ሁለት ወጣት ሴቶችን ዋና ሊያስተምር ገባ፤ አንደኛዋ መሬቱ ሲጠፋባት ጮኸች፤ ሊያድናት ዋኝቶ ሄደ፤ ልቡ ቆመ። ልጅቱ ተረፈች። 3ኛው መላሽ ተመልሰው «አሁንስ ‘እርሳቸው’ ማለት ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከ1907 ወዲህ ነውና ይቻላል አልኋቸው። አረፉ ብዬም አስተካከልሁ።

የመጨረሻው 26ኛው መልስ የ6ኛው መላሽ ነው። በ1882 የታየውን «አዮላንቲ»ን ወደ አማርኛ ለመመለስ እየሞከሩ እንደሆነ ነገሩን። በመጨረሻው ትዕይንት ችግሩ ይህ ነው፤ ሟች ሰው ያገባች ሴት መንፈስ ሁሉ እንድትሞት ሕጉ ያዝዛል፤ ሁሉም ግን የጌቶችን ምክር ቤት አባላት አግብተዋልና የመናፍስቱ ንግሥት ሁሉንም ልትገድል ነው። ያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና የሕግ ሹም ብቅ ይልና እንደ ልምድ ያለው አርቃቂ አንዲት የአሉታ ቃል ሕጉ ውስጥ እንድትገባ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያ ወዲያ የምትሞተው ያላገባችው ናት፤ ንግሥቲቱም በፍጥነት ባል ትፈልጋለች። መላሹ ለዚያ ቃል አቻ ሲፈልጉ ሌሊቱን አደሩ፤ ኋላ እንደ ተገለጠላቸው ግን አማርኛ ቃል መጨመር አያስፈልገውም። ሕጉ «ሟች የምታገባ ትሙት» ይላል፤ የሕግ ሹሙ ብዕሩን አውጥቶ ሳድሱን ‘ም’ ራብዕ ያደርገዋል፤ «ሟች የማታገባ ትሙት»። እኔም በወረቀት ላይ ሞከርሁት፤ ፊደሏን ለመለወጥ አንድ ጭረት ይበቃል።